ስለ ሁለቱ መዝገቦች፤ በደርግ ዘመን በሰቆጣና በዋግ ምድር ስለ ነበረው የመንግሥት ሥልጣንና የአጥቢያ ኑሮ

ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል በኦሪት ሕግ ሲሠራ ዋናው ነገሩ የመሬት ነገር ነበር። በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ በችግር ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ በዕዳ ባሪያ የሆነም ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ አጥቢያ ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ባለፈው ዘመን ምን እንደ ተወሰደበት፥ ምንስ እንደ ተመለሰለት መቍጠር ይገባዋል። የዋግ ምእመናንም ይህን ቍጥር ሲቈጥሩ፥ ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ 17 ዓመት ያህል አገሩን የገዛውን የደርግን ዘመን ዘለው ማለፍ አይቻላቸውም።

ሰቆጣ የዋግሹሞች መቀመጫ ነበረች። ዋግሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር፤ ከነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ የቀድሞ መኳንንት አስከሬንም በዚያ ተጠብቆ ይኖራል። ያገሩ ሕዝብ አገው ነው፥ ቋንቋውም ኽምጣና ይባላል። በእንዲህ ያለው አገር የመሬት፥ የትምህርትና የበዓል ነገር ባንድ ገመድ የታሰረ ነበር። ካህኑ ያርሳል፥ ይቀድሳል፤ ደብተራው ማኅሌት ይቆማል፤ መሪጌታው ደቀ መዛሙርቱን ያስተምራል። የዚህም ሁሉ ኑሮ ለአገልግሎት ከተመደበው ከሰሞን መሬት ጋር የተያያዘ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 31 የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገው። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር፥ ይኸውም ከሩብ ጋሻ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ800 ሄክታር ወይም በ20 ጋሻ ላይም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። በደቡብ አገር ለነበረው ጢሰኛ ይህ ዐዋጅ ታላቅ አርነት እንደ ነበረ መካድ አይገባም። በሰሜን ግን ገበሬው አብዛኛው ራሱ ባለርስት ነበረ፤ የቤተ ክርስቲያን የሰሞን መሬት ግን ካሣ ሳይከፈልበት ተወሰደ። ካህኑም ከእንግዲህ ወዲህ መሬት የሚያገኘው በካህንነቱ መሆኑ ቀርቶ ከገበሬው እንደ አንዱ በመቈጠር ሆነ።

የገበሬ ማኅበሩም ሊቀ መንበር፥ ማኅተምና መዝገብ ነበረው። በመጀመሪያ መሬት ለማከፋፈል የተጻፈው መዝገብ ዓመት በዓመት ሸክሙ እየበዛ ሄደ። ግብሩና መዋጮው በርሱ ይሰበሰባል፤ ስብሰባ የሚጠራው በርሱ ነው፤ ርዳታ እህል በመጣ ጊዜም በርሱ ይታደላል። ሴቶች በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፥ ወጣቶችም በወጣቶቹ ማኅበር እንዲጻፉ ተደረገ። በ1972 ዓ.ም. ኢሠፓአኮ፥ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት፥ ከቀበሌው መዝገብ ጀምሮ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያለው መሰላል ሁሉ በአንድ ፓርቲ እጅ ገባ። ስሙ በመዝገብ የሌለ ሰው መሬት የለውም፤ ስሙ የተጻፈም በተጠራ ጊዜ መቅረት አይችልም።

በላይኛው የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን የሆነውም ነገር መራራ ነበር። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በምስጢር ተገደሉ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተይዘው ተገደሉ፤ የመንግሥቱ እጅ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ላይ ብቻ እንዳልተዘረጋ ከዚህ ይታወቃል። በአቡነ ቴዎፍሎስ ፈንታ የተሾሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በምናኔያቸው የተመሰገኑ አባት ነበሩ። ነገር ግን የቀደመው ፓትርያርክ በሕይወት ሳሉ የተደረገ ሹመት ስለ ሆነ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ፓትርያርክ ማውረድ ይችላል የሚለው ክፉ ልማድ በቤተ ክርስቲያን ላይ ተተከለ። ኋላም አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ መንበራቸውን በለቀቁ ጊዜ የመንግሥት እጅ አለበት የሚል ክርክር ተነሣ፤ በዚህ ምክንያት የመጣው መለያየት እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ ቆየ።

ይህም ሁሉ ሲሆን ኢትዮጵያ እንደ አልባንያ አልሆነችም። በአልባንያ የኮሙኒስት መንግሥት በ1959 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናትንና መስጊዶችን ሁሉ ዘግቶ ሃይማኖትን ፈጽሞ ከልክሎ ነበር። ደርግ ግን የእስልምና በዓላትን ከክርስቲያኖቹ ጋር የአገር በዓል አድርጎ ዐወጀ፤ ይህም በጎ ሥራ ነበር። በ1979 ዓ.ም. የጸናው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም የሃይማኖት ነጻነትን ጽፏል፤ ነገር ግን ይህ ነጻነት የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም የሚፃረር እንዳይሆን የሚል ማሰሪያ ጨመረበት። ጥቅሙንም የሚመዝነው ራሱ መንግሥት ነበር። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ሆኖ ሳለ ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ጠበበ ማለት ነው።

መንገዱም የጠበበው በብዙ ዓይነት ነው። ስብሰባና የውይይት ክበብ የሰውን ጊዜ ያዘ፤ የኪነት ቡድኖች በሕዝቡ ዜማ የአብዮቱን ውዳሴ አስገቡ፤ መጽሐፍ ሁሉ ሳይታተም በፊት በመርማሪ ፊት ማለፍ ነበረበት። «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈው በዓሉ ግርማ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ታግዶበት፥ እርሱም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። በሌላ ወገን ግን በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ገበሬ ፊደል አስቈጠረ፤ ይህን ማመስገን ይገባል። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ኽምጣና ግን ከነዚያ ውስጥ አልነበረም። የዋግ ሰው ብሔረሰቦች ሁሉ እኩል ናቸው ሲባል እየሰማ በሰው ቋንቋ ፊደል ቈጠረ። በዚህ ነገር መንግሥትን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያንም በግዕዝና በአማርኛ ስታስተምር ኖራ ለኽምጣና መጽሐፍ አላበጀችለትም ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ መዝገቡ የከበደው በቆሎ ተማሪው ላይ ነው። የቅኔ ተማሪ ባንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዜማውን ከአንዱ፥ ቅኔውን ከሌላው፥ መጽሐፉን ከሦስተኛው መምህር ለመማር አኵፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር ይዞራል። የዋድላ ቅኔ ቤት ዝናም ተማሪን ከሩቅ አገር ይጠራ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚሄድ ሰው የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ቀበሌው የትምህርት ጎጆ የሆነችለት ተማሪ በማን ማኅተም ይለፍ? በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ዐዋጅ ሲወጣ ደግሞ፥ ለየቀበሌው የሰው ቍጥር ይመደብ ስለ ነበረ ዘመድ የሌለው እንግዳ ልጅ ለሊቀ መንበሩ ቀላል መሙያ ሆነ። የተማሪ ትምህርት እንደ መጽሐፍ በሣጥን አይቀመጥም፤ ካንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ሲተላለፍ ብቻ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ተማሪ በጦር ሜዳ ሲቀር ከርሱ በኋላ ሊማሩ የነበሩት ሁሉ አብረው ቀሩ።

ከዚህም በኋላ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ መጣ። የዋግ ሰው ተራራውን እየወረደ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ኮረም መጠለያ ሄደ፤ ዓለምም በጥቅምት ወር የኮረምን ሥቃይ በቴሌቪዥን አይቶ ደነገጠ። ነገር ግን ረኃቡ ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር። መንግሥቱ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሊያከብር ስለ ፈለገ፥ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ከልክሎ ቆየ። ይህ ነገር የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን የሚያስደንቅም ነው። ደርግ ራሱ በመስከረም 1967 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት የጣለው፥ የወሎን ረኃብ ሸሽጋችኋል ብሎ ፊልሙን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ነበርና። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ የከሰሰበትን ኃጢአት ራሱ ሠራው። በመዝገብ የተጻፈውን ሕዝብ የሚራብበት ጊዜ መድረሱን መዝገቡ አልከለከለም።

ቀጥሎም ሰፈራ ታዘዘ። ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ አገሮች ተወሰደ። ወድዶ የሄደ አለ፤ በግድ የተጫነ፥ ባልም ከሚስቱ የተለየ ብዙ ነው። በጎጃም መተከል በፓዌ የሰፈረው የወሎ ሰው ጕልበቱንና ዘሩን ይዞ ሲሄድ ደብሩን፥ የአባቶቹን መቃብርና ማኅበሩን ትቶ ሄደ። በዋግ ምድር የቀረውም ሕዝብ በሁለት ኃይል መካከል ወደቀ። በ1973 ዓ.ም. የተመሠረተው ኢሕዴን በዚያ ተራራ ይንቀሳቀስ ስለ ነበረ፥ ያንዱን ወገን መዝገብ የፈረመ በሌላው ወገን የሚጠየቅበት ዘመን ነበር።

እንግዲህ አጥቢያው በምን ቆመ? ሁለተኛው መዝገብ የተባለው እዚህ ላይ ይነሣል። አቡነ ቴዎፍሎስ የመሬቱ ዐዋጅ ከመውጣቱ በፊት በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የሚባለውን ደንብ አውጥተው፥ በየአጥቢያው ከካህናትና ከምእመናን የተመረጠ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አድርገው ነበር። ምእመኑ ስሙን አጽፎ በየዓመቱ የአባልነት መዋጮ ይከፍላል፤ አገልጋዩም ከዚያ ይኖራል። ያን ጊዜ ገና መሬት ነበረና የደንቡ ጥቅም ለብዙ ሰው አልታየውም። መሬቱ ከተወሰደ በኋላ ግን፥ መንግሥት ለቤተ ክህነት ከሚሰጠው ድጎማ ይልቅ አጥቢያውን ያቆመው ቀስ በቀስ የተስፋፋው ይህ ጉባኤ ሆነ። ደንቡን ያወጡት አባት በወኅኒ ሳሉ ደንባቸው ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ያው ገበሬ፥ በዚያው ቀበሌ፥ ስሙ በሁለት መዝገብ ተጽፎ ኖረ። በገበሬ ማኅበሩ የተጻፈው ሳይጠየቅ ነው፤ በሰበካው የተጻፈው ወድዶ ነው። ከሁለቱም በታች ደግሞ መዝገብ የሌላቸው ጥንታውያን ማኅበሮች ነበሩ፤ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ በወር በወሩ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የታመመውን ይጠይቁ፥ የተጣላውንም ያስታርቁ ነበር። ለነዚህ ሊቀ መንበር የሚሾምላቸው፥ ማኅተምም የሚቀርጽላቸው አልነበረም፤ ስለዚህ የሚነጥቃቸው አልተገኘም። ቅኔውም እንዲሁ ነው፤ ሊቁ በማኅሌት ቆሞ የዕለቱን ቅኔ ሲቀኝ ሰሙን ሁሉ ይሰማዋል፥ ወርቁን ግን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አስቀድሞ ለመርማሪ የሚቀርብ ጽሕፈት የለውም። እውነቱን ለመናገር አብዮቱን በቅኔ ያወደሰም ነበረ። ነገር ግን አወድስ ተብሎ የተነገረው ከዘመኑ ጋር ዐለፈ።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ያ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ዐውጆ የኅብረተሰባዊነትን መንገድ ራሱ ተወ፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. መሪው ሌ/ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ካገር ወጣ፤ በ20ም አዲስ አበባ ተያዘች። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ያን ጊዜ ጌታ አጣ። የሰሞን መሬት ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፤ በኦሪት እንደ ታዘዘው ያለ ኢዮቤልዩ ለርሱ አልተነፋለትም። የተወሰዱት ተማሪዎችም አልተመለሱም፤ በእነርሱ እጅ ሊተላለፍ የነበረው ትምህርት ጎደሎው እስከ ዛሬ ይታወቃል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት ይገኛል። ፊተኛው፥ የሰበካው መዝገብ የከበረው ሰው ወድዶ ስለ ተጻፈበት ነውና፥ ምእመኑን ለመዋጮ ብቻ የሚቈጥረው ቀን ቢመጣ ከዚያኛው መዝገብ በምንም አይለይም፤ አስተዳዳሪዎች ይህን ያስቡ። ሁለተኛው፥ መሬቱን መመለስ በአጥቢያው እጅ አይደለም፤ የትምህርቱን ሰንሰለት መቀጠል ግን በእጁ ነው። ለመሪጌታው ደመወዙን በጊዜው መስጠት፥ ለመንገደኛው ተማሪ ጎጆና ቍራሽ ማዘጋጀት፥ ያን ዘመን ያዩ ሽማግሎችና አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ የሚነግሩትን መጻፍ፥ ይህ ለመጪው ኢዮቤልዩ የሚቀመጥ ርስት ነው።