ጀርባ የሌለው ፎቶግራፍ

ሆሳዕና ከተማ ፀጉሬን ልስተካከል አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። መቼም የወንዶች ፀጉር ቤት ግድግዳ የሰፈሩ ሙዚየም ነው። ከመስታወቱ በግራና በቀኝ የአርሰናልና የማንችስተር ዩናይትድ ቡድኖች በትልልቅ ፖስተር ተሰቅለዋል። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ሥር ስሙና የማሊያ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፏል። ጥግ ላይ፣ ከመላጫ ማሽኖቹ ከፍ ብሎ፣ ጫፉ የተጠቀለለ አንድ ትንሽ ፎቶ ተለጥፏል። አሥራ አንድ ወጣቶች ናቸው። ስድስቱ ቆመዋል፣ አምስቱ ቁጢጥ ብለዋል፣ መሐላቸው ኳስ አለ። ማሊያቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ካልሲያቸው ግን የየራሱ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አልኩት ልጁን።

«የድሮ የከተማችን ኳስ ተጫዋቾች ናቸው።»

«ስማቸውስ?»

መቀሱን ገታ አደረገ። «በረኛው እዚህ ከኋላችን ያለው ግቢ ልጅ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። ሌሎቹን እንጃ ጋሼ። አባቴ ቢኖር አንድ በአንድ ይነግርዎት ነበር።»

አስፈቅጄ ፎቶውን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው፤ የሙጫ እድፍ ብቻ። እንግዲህ የለንደኑን ተጠባባቂ በረኛ ስም የሚያውቅ ግድግዳ፣ የገዛ ከተማውን አጥቂ ስም አያውቅም።

የሠለጠነው ዓለም ለዚህ ነገር መላ ካበጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሜሪካ ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የሲጋራ ፋብሪካዎች ፓኬቱ እንዳይጨማደድ በሚያስገቡት ካርቶን ላይ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል ማተም ጀመሩ። ቆይቶ ሥራውን የማስቲካ ኩባንያዎች ወረሱት። ጣሊያን አገር ሞዴና ከተማ ፓኒኒ የሚባሉ ወንድማማቾች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ምስል በትንንሽ ፖስታ እያሸጉ መሸጥ ያዙ። በ1970 የሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ አልበማቸው ሲወጣ የአውሮፓ ልጅ ሁሉ ምስል ተለዋዋጭ ሆነ። እኛ ብይና ቆርኪ እንደምንለዋወጠው ማለት ነው።

ስለዚህ ካርድ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቶፕስ የተባለው የማስቲካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመውን ካርድ ሽጦ መጨረስ አቃተው። ትርፉ ከዓመታት በኋላ በጀልባ ተጭኖ ባሕር ውስጥ እንደተጣለ የኩባንያው ሰው ራሱ ተናግሯል። ከዚያው እትም የተረፈ አንድ የሚኪ ማንትል ካርድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የሚበልጠውን ዓሣ በላው፣ የቀረው ወርቅ ሆነ።

እኔን ግን የገረመኝ ዋጋው አይደለም። ካርዱ ጀርባ አለው። ፊቱ ላይ ፎቶ አለ። ሲገለበጥ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ያለፈው ዓመት ውጤት ተዘርዝሮ ይገኛል። ሰውየው ቢሞት፣ ቡድኑ ቢፈርስ፣ ልጁ ባይኖር፣ ያቺ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ወረቀት ትመሰክርለታለች።

«ታዲያ እኛ አገር ካርድ አለ እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ስሙ «ቴሴራ» ይባላል። ኳስ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን፣ በጥንቶቹ ሮማውያን ዘንድ እንደ መግቢያ ቲኬት የሚያገለግል ትንሽ ምልክት ነበር። የእኛው ቴሴራ ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበት፣ ስም፣ ዕድሜና የክለብ ስም ተጽፎበት፣ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ዳኛው ከጨዋታ በፊት ፎቶውን ከፊት ጋር ያመሳክርበታል። ዕድሜውን እንኳ ለጊዜው እንተወው፤ በቴሴራ ላይ በየዓመቱ አንድ ዓመት የሚያንስ ሰው አይጠፋም! ቢሆንም የአሜሪካው ካርድ በጀርባው የያዘውን ያህል ባይሆን እንኳ ስሙን ከነፊቱ ይዟል። ችግሩ፣ አሜሪካዊው ካርዱን በላስቲክ አሽጎ ሲያስቀምጥ እኛ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ቴሴራውን መጣላችን ነው።

እዚያው ሆሳዕና ውስጥ የማይጥሉ አንድ ጡረተኛ መምህር አገኘሁ። ስማቸው እንዳይነሳ ስለለመኑኝ አላነሳም። በአንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቡድን ፎቶዎች፣ ዝገት የነካው ስቴፕል ያለባቸው ቴሴራዎች፣ ከጋዜጣ የተቆረጡ ዜናዎች አስቀምጠዋል። ሀብታቸው ሁሉ የተለቀመ ነው። አንዱን ከሟች ቤት፣ አንዱን ከሱቅ ባንኮኒ መስታወት ሥር፣ አንዱን ደግሞ ዕቃ ሊጠቀለልበት ሲል ደርሰው ነው ያተረፉት።

«ፎቶውን ማግኘት ቀላል ነው» አሉኝ። «ከባዱ ስም ማግኘት ነው። ፎቶው እኔን ይጠብቀኛል፤ ስሙን የሚያውቀው ሽማግሌ ግን አይጠብቀኝም።»

ስም ሲያገኙ በጀርባው በእርሳስ ይጽፋሉ። «በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል። ደግሞም ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ላጲስ ያስፈልጋል» ብለው ሳቁ።

እዚህ ላይ ነገሩን ከባድ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ በዚያው ዓመት ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣ፤ ያ ውድድር በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ጨዋታውም በተመረጡ ከተሞች ስለሆነ፣ አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ይሰበሰብ የነበረው ሰው ቡድኑን በቴሌቪዥን መስኮት ያይ ገባ። ጎረቤቱ የዱራሜው ሀምበሪቾ፣ የከምባታን ተራራ ስም የተሸከመው ክለብ፣ በ2016 ዓ.ም. ሊጉን ተቀላቅሎ በዓመቱ ተሰናበተ። የእነዚህ ልጆች ነገር አያሳስበኝም። ስማቸው፣ ያገቡት ጎል፣ የተቀየሩበት ደቂቃ ሳይቀር ተመዝግቧል።

ከእነሱ በፊት የነበሩትስ? በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ ሜዳ በትምህርት ቤትና በአውራጃ ውድድር የተራገጡት? ከምባታና ሀዲያ በንጉሡ ጊዜ በሸዋ ሥር አንድ አውራጃ ነበሩ፤ ርዕሰ ከተማቸውም ሆሳዕና። ዛሬ ሁለት ዞን፣ ሁለት ክለብ፣ ሁለት ደጋፊ ናቸው። ያ የፀጉር ቤት ፎቶ የዚያ አውራጃ ቡድን ከሆነ፣ ቁጢጥ ካሉት አምስቱ ማን ከሀዲያ ማን ከከምባታ እንደሆነ ከፊታቸው አይነበብም። ኳሷን የያዘው ልጅ እጁን በጎኑ ባለው ጓደኛው ትከሻ ላይ ጣል አድርጓል። ያ እጅ የማን እንደሆነ፣ ያረፈበት ትከሻም የማን እንደሆነ ባውቅ ብዙ ነገር የምማር ይመስለኛል።

«ትንሽ ከተማ ስለሆነ ነው» እንዳይባል፣ ትልቁ ቡድናችንስ? በጥር 1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድን ፎቶ በብዙዎቻችን ዓይን ውስጥ አለ። ፖስታ ቤቱም ለውድድሩ ቴምብር አሳትሟል። ሉቺያኖ ቫሳሎን፣ ኢታሎ ቫሳሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን እንጠራለን። ከዚያስ? እስቲ መጽሐፍ ሳትገልጡ አሥራ አንዱን ቁጠሩ! የአገሪቱ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ እንዲህ ከሆነ፣ የአውራጃው ቡድን ምን ይሁን?

የሆሳዕናና የዱራሜ ሰው ሌላም ፈተና አለበት። ከዚህ አካባቢ ስንት ወጣት ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ አገር ያውቃል። መምህሩ አንዱን ፎቶ አንስተው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። «ይኼ ጆሃንስበርግ፣ ይኼ ጆሃንስበርግ፣ ይኼ ኬፕታውን፣ ይኼ... ሄዶ ወሬው የለም።» ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ፎቶውን በስልክ አንስተው ወደዚያ ይልካሉ። አንድ ቀን ማታ መልስ በድምፅ መጣላቸው፤ ከፍተው አሰሙኝ። አንድ የጎረነነ ድምፅ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ «ከግራ ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ከጎኔ ያለው ሞቷል፤ ስሙን ልንገርዎት» አለ። መምህሩ እርሳሳቸውን አነሱ። ሱቅ ዘግቶ የሚናገር ሰው መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል። እስከ በረኛው ድረስ ጠርቶ ሲጨርስ፣ «ፎቶው ግን ለእኔም ይደርሰኛል? እኔ ጋ የለም» አለ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ደጋግሜ እል ነበር። ማን፣ የት፣ መቼ እንዳለው ያልተመዘገበ ቃል ግጥም ወላጅ አልባ ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ እደበድብ ነበር። ፎቶም እንደዚያው መሆኑን ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተማርኩ። ሳንሰማው የምንኖረው ኪሳራ ይኼ ነው። ፎቶው ሲጠፋ እናዝናለን፤ ስሙ ሲጠፋ ግን ፎቶው ግድግዳ ላይ ስላለ የጠፋ ነገር ያለ አይመስለንም።

መፍትሔው የዶላር ሚሊዮን አይጠይቅም። ክለቦቹ ቢሮ ውስጥ የተከመረውን አሮጌ ቴሴራ ለቆሻሻ መኪና ከመስጠት ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይስጡ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የከተማይቱን የድሮ ስም አንሥቶ ነው የተጠራው፤ የኋላውን ስም መጠበቅ የሚያውቅ ቤት ነው። ሌላው የእኛ የየቤታችን ሥራ ነው። መስቀል ሲደርስ፣ ያሆዴ ሲከበር፣ ከየትም የሄደ ሰው ሁሉ ቤቱ ይሰበሰባል። አተካናው እስኪቀርብ ድረስ ያንን የተጠቀለለ ፎቶ ከግድግዳው አውርዱትና ለሽማግሌዎቹ አስይዟቸው። አንድ እርሳስም አቅርቡ።

እኔ አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የራሴን አልበም ፈተሽኩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ቡድን ፎቶ አለኝ፤ ከቆሙት ዳር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ገለበጥኩት፤ ባዶ ነው። እርሳስ ቀርጬ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር ጻፍኩና ስም መሙላት ጀመርኩ። ሰባት ላይ ቆምኩ።

አራቱን መስመር እንደ ባዶ ትቼዋለሁ። ስልክ መደወል ጀምሬያለሁ።