የመቅደላው ካሜራና የመድኃኔ ዓለም ጨለማ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከመድፉ ሌላ ካሜራም ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶ አንሺዎች ዋና ሥራቸው ለመኮንኖቹ ካርታ ማባዛት ነው። በዚያው መንገድ ተራራውን፣ ሰፈሩንና መኮንኖቹን አነሡ።

የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ለዚያ ዘመን ካሜራ ከባድ ነበር። ፎቶ አንሺው መስተዋቱን ኮሎዲዮን ቀብቶ ብር ያለበት ውህድ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሳይደርቅ ማንሣትም ማጠብም አለበት። ድንኳኑ አጠገቡ ካልተተከለ ሥራው ከንቱ ነው። ከዚያ በእንቁላል ነጭ የተቀባ ወረቀት ከመስተዋቱ ሥር አድርጎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ፀሐይ የለመደ ሙያ መጋረጃ በተጋረደበት መቅደስ ምን ያደርጋል?

ጉዳዩ የሙያ ወሬ ብቻ አይደለም። ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም የታሰቡ ነበሩ። ወታደሩ ዘረፋቸው። 15 ዝሆንና 200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ሚያዝያ 10 አምባው ሲቃጠል ቤተ ክርስቲያኑም አብሮ ነደደ። ዛሬ «ይህ የእኛ ነው» የሚል ሰው የሚይዘው በብራናው ኅዳግ ላይ የተጻፈውን የባለቤትነት ማስታወሻና የዘማቾቹን የራሳቸውን ቃል ነው። ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ ዝርፊያውን ጽፎታል፤ ምስክሩ ከዘራፊው ወገን መሆኑ ያስገርማል።

አክሱም ዕድሉ ሌላ ነበር። በ1898 ዓ.ም. የጀርመን ቡድን ከሊቁ ኤኖ ሊትማን ጋር መጣ። ያኔ ደረቁ መስተዋት ስለወጣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ድንኳን ሳያስተክል አነሣ። በገመድ የሚወጣው ደብረ ዳሞም ተጠና። ውጤቱ ከሰባት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ታተመ። በኋላ የፈረሰ ወይም የታደሰ ነገር ቢኖር ማነጻጸሪያ አለ ማለት ነው። መጽሐፉን ያሳተመው ባዕድ መሆኑ ደግሞ ሌላ ቁጭት ነው።

ታቦት ግን ካሜራው ቢሻሻልም ለፎቶ አይቀርብም። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። ኤዲንብራ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው በ1994 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል፤ የዌስትሚንስተር አቢም በ2016 ዓ.ም. የያዘውን ለመመለስ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል። ሙዚየሙ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ እንደታሰረ ነው።