የተማሪ ቀለብ

ለከፍተኛ ትምህርት የሚሰጥ ርዳታ ስኮላርሽፕ የሚባል የባዕድ ስም ከማግኘቱ እጅግ አስቀድሞ፥ ቅኔና ዜማ፥ አቋቋምና ትርጓሜ መጻሕፍት ፍለጋ ከጎጃም ወደ ጎንደር፥ ከጎንደርም ወደ ወሎ የሚንከራተተውን ደቀ መዝሙር የሚቀልበው፥ ስሙን እንኳ የማያውቀው ባላገር ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለውሻ መመከቻ የሚሆነውን በትር ይዞ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የቤቱ እመቤትም ከመሶቡ ቁራሽ ወይም ከምጣዱ የወረደ ቆሎ ትሰጠዋለች፤ እሱም ወደ ጎጆው ተመልሶ የተረፈውን እንጀራ በፀሐይ ያደርቅና ድርቆሽ አድርጎ ለክረምት ያኖረዋል። (ውሻው ግን በማርያም ስም ቢለምኑትም አይሰማም ነበር፤ የብዙ ሊቃውንት ቅልጥም ምስክር ነው።) ምጽዋቱ የተጠየቀው በእመቤታችን ስም ነውና፥ በኋላ ውለታዬን መልስ የሚል ሰው አልነበረም።

የዘመናዊው ትምህርት ቀለብ ግን ከአንድ ደጅ የሚሰፈር ሆነ። በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት የከፈቱት አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር፤ ሎሬንሶ ታእዛዝ በሞንፔልዬ ሕግ ያጠናው፥ መላኩ በያንም በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማረው በዚያ ዘመን ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ልማዱ ሰፋ፤ ሂያጁም ተመላሹም ቤተ መንግሥት እየቀረበ እጅ ይነሣ ነበር። እጅ መንሣቱ ሥርዓት ብቻ አይመስለኝም፤ የማን እንጀራ እንደ ተበላ የሚመሰክር ደረሰኝም ነበር።

ሐኪሙ ተመልሶ በሽተኛ ያክማል፥ መሐንዲሱም ድልድይ ይሠራል፤ የመንግሥትን ጠባይ ሲመረምር የከረመ ሰው ግን ቀለቡን የሰፈረለትን መንግሥት ራሱን ሳይመረምር አይቀርም። በዊስኮንሲን፥ ቀጥሎም በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ገርማሜ ንዋይ ለማስተርስ ማዕርግ የጻፈው፥ በኬንያ ነጮች ስለ ሠፈሩበት መሬትና ስለ ተነጠቀው ሕዝብ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ የወላይታ አውራጃ ገዥ በሆነ ጊዜ ለጭሰኛ መሬት ማደል ጀመረ፤ ባለመሬቶቹ አቤት አሉና ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከክብር ዘበኛው አዛዥ ከጄኔራል መንግሥቱ ጋር በዙፋኑ ላይ ተነሣ፤ ወሩ ሳያልቅም ሞተ።

ይህ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አስቀድሞ፥ በ1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ፥ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች ነጻ የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታውቃ ነበር። በዚሁ ዕድል ከኬንያም ሳይቀር ተማሪዎች ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ከኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸውም ጋር በአንድ ገበታ እየበሉ ስለ ነጻነት ይከራከሩ ጀመር፤ የገበታውም ወጪ የሚከፈለው ከዚያው ከመንግሥቱ ግምጃ ቤት ነበር።