የዙፋን ውርስ በልብ ወለድና በታሪክ፤ ከራስላስ ሸለቆ እስከ ግሸን አምባ

የአንድን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ማስተማር የነገሥታቱን ስምና የግዛት ዘመን ማስቆጠር ብቻ አይደለም። ዙፋኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈው በምን ሕግ፣ በምን ልማድና በምን ኃይል እንደ ሆነ ማስረዳት የታሪክ መምህር ዋነኛ ተግባር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ዙፋን ውርስ በልብ ወለድ የተጻፈውን፣ በልማድ የተሠራበትንና በሕግ የተደነገገውን በማነጻጸር፣ ከቡታጅራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በቆሼና እርሷን በመሰሉ ከተሞች ለሚያስተምሩ መምህራን አንድ የማስተማሪያ መንገድ ለማመልከት ይሞክራል።

እ.ኤ.አ. በ1759 እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን «ራስላስ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ በሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ባለ ታሪኩ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አራተኛ ልጅ ሲሆን፣ እንደ ድርሰቱ አባባል የንጉሡ ልጆች የመንገሥ ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በአማራ አገር፣ በተራራ በተከበበ ለምለም ሸለቆ ምንም ሳይጎድልባቸው ይቀመጣሉ። የሸለቆው መግቢያ በብረት በር የተዘጋ ዋሻ ነው። ራስላስ ግን ድሎቱ ሰልችቶት ከእኅቱና ኢምላክ ከተባለው ጠቢብ ጋር አምልጦ ወደ ካይሮ ይሄዳል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1735 የፖርቱጋላዊውን የኢየሱሳዊ ቄስ የዤሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። እንግዲህ ድርሰቱ ፈጠራ ቢሆንም ፍሬው የበቀለው ከእውነተኛ ልማድ ነው።

ያም ልማድ የግሸን አምባ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኵኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አስወግዶ ከነገሠ በኋላ ዙፋኑ በዘሩ ጸና። ይሁን እንጂ የበኵር ልጅ ብቻ ይንገሥ የሚል የጸና ሥርዓት ስላልነበረ የንጉሥ ልጅ ሁሉ ዙፋን ሊመኝ ይችል ነበር። የይኵኖ አምላክ ልጅ ያግብአ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1294 ሲሞት፣ እስከ 1299 ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ በርከት ያሉ ወራሾች ተፈራረቁ። ይህን የመሰለውን ሁከት ለማስቀረት መሳፍንቱን በወሎ፣ በአምባሰል በሚገኘው በግሸን አምባ አስቀምጦ ማስጠበቅ ልማድ ሆነ። ንጉሥ ሲሞት የቤተ መንግሥት ሹማምንትና የጦር አለቆች ከመሳፍንቱ አንዱን መርጠው ያወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ከዚያ አምባ የወረደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የጥበቃውን ጥብቅነት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ልማዱ እዚያ ተቋረጠ፤ በጎንደር ዘመን ግን ወህኒ አምባ ለዚሁ ተግባር ዋለ።

ልብ ወለዱ የሸፈነውን ነገር ተማሪው ማየት የሚችለው በዚህ ንጽጽር ነው። በራስላስ ሸለቆ መስፍኑ የሚጠበቀው ለድሎቱ ነው፤ በግሸን ግን ለመንግሥቱ ጸጥታ ሲባል ነጻነቱን ያጣ እስረኛ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሁን ባለው መልኩ የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት ዙፋኑ ለሰሎሞን ዘር እንደሚገባ ያስረዳል። ከዚያ ዘር መካከል ማን ይንገሥ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልሆነም። መልሱን የሰጡት የአምባው ዘበኞችና የመራጮቹ ሹማምንት ናቸው።

በ1923 ዓ.ም. እና በ1948 ዓ.ም. የወጡት ሕገ መንግሥታት የሰሎሞንን የዘር ሐረግ በሕግ አንቀጽ አሰፈሩ። የ1948ቱ ከዚህ አልፎ ውርሱ በወንድ መስመር፣ ታላቁ ከታናሹ ቀድሞ እንዲሆን ደነገገ። ነገር ግን ከዚያ 39 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርዶ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነግሣ ነበር። ኢያሱ ዘውድ የሚወርሰው በእናቱ በኩል ነበር፤ ዘውዲቱም ሴት ነበረች። ሕጉ «ጥንታዊ» ያለው ሥርዓት በቅርቡ ከተደረገው ጋር እንኳ አልተስማማም። ዘውዱም በ1967 ዓ.ም. አበቃ።

በቤቱ ማረቆኛ ወይም ጉራጊኛ ለሚናገር የቆሼ ተማሪ ይህ ታሪክ የሩቅ ሰዎች ስም ዝርዝር ሆኖ እንዳይቀር ያሰጋል። ስለዚህ መምህሩ ለአካባቢው ቀረብ ያለ ማነጻጸሪያ ማቅረብ ይገባዋል። ለምሳሌ በምዕራብ በኩል ያሉት የሰባት ቤት ጉራጌ ሕዝቦች ሁሉንም የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበራቸውም፤ ከባድ ጉዳይ በየጆካ ሸንጎ፣ ቂጫ በሚባለው ባህላዊ ሕግ ይዳኝ ነበር። ተማሪው ግሸንንና የጆካን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የመወሰን ሥልጣን የማን ነበር? ውሳኔውስ በማን ፊት ይሰጥ ነበር? የተሸነፈውስ ወገን ምን ይሆናል? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

ከዚህ በመነሣት ለእያንዳንዱ የዙፋን ሽግግር «የተባለው»፣ «የተደረገው» እና «የተደነገገው» የሚሉ ሦስት ዐምዶች በሰሌዳ ላይ አዘጋጅቶ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲሞሉ ማድረግ ይቻላል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የነገሥታቱን ዝርዝር አሳጥረው ለዚህ ዓይነቱ ልምምድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡለት ይበጃል። ትውፊትን እንደ ተረጋገጠ ነገር የሚቀበል ተማሪም ሆነ ሐሰት ነው ብሎ የሚጥለው ተማሪ ሁለቱም ታሪክን አልተማሩም። ትውፊቱ ለማን፣ መቼና ለምን እንደ ጠቀመ መርምሮ ማስረዳት የሚችል ተማሪ ግን ነገ ሥልጣን በማን እጅና በምን መብት እንዳለ ለመጠየቅ የበቃ ዜጋ ይሆናል።