ዓባይን ስለ መሻገር፤ ከአላታ እስከ ባሕር ዳር

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ጎንደር የሚሄደውን መንገድ የሚያሻግረው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው። ከአጠገቡ ያለውና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ጠባብ ድልድይ እስከዚያ ድረስ የመኪናውንም የእግረኛውንም ሸክም ብቻውን ችሎ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን አዲሱን ለማሞገስ አይደለም፤ የቀደሙት አባቶቻችን ስለ ምን በዚህ ቦታ ድልድይ እንዳልሠሩ ለመመርመር ነው።

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ የአላታ ድልድይ ይገኛል። የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት (1599–1624 ዓ.ም.) በድንጋይና በኖራ ነው። ፏፏቴውን በ1762 ዓ.ም. የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በመጽሐፉ ጠቅሶታል። ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ አጠራር ሥራውን ያሠራውን ንጉሥ ያስረሳል። ድንጋዩን የፈለጡትንና የተሸከሙትንማ ማን ያነሣቸዋል!

ምክንያቱን ወንዙ ራሱ ይነግረናል። በሐይቁ አፍ ዓባይ ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ ዳሩም ደንገል ነው። እንዲህ ያለውን ስፋት በድንጋይ ቅስት መሻገር ለዚያ ዘመን ግንበኛ እጅግ የከበደ ነው፤ ስለዚህ መሻገሪያው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሆነ። ከፏፏቴው በታች ግን ውሃው በዓለት መካከል ጠብቦ ያልፋል፤ ቅስቱም ከዓለት ወደ ዓለት ይደርሳል። ብረትና ሲሚንቶ ሲመጡ ይህ ግዴታ ቀረ፤ ድልድዩም ወደ ሐይቁ አፍ ወጣ።

አካባቢውን ለመጎብኘት የሚሄድ ተማሪ መጀመሪያ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ወደ ተሠራበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ቢወጣ፣ ከተማውን፣ ሐይቁንና ወንዙን ባንድነት ያያል። ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ ይውረድ፤ የሚሻለውም የክረምቱ ማብቂያ ነው። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ወዲህ፣ ውሃው ወደ ማመንጫው ሲመለስ በበጋ ፏፏቴው ይሳሳል።

ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ጎብኚ በአላታ ድልድይ ላይ ይሻገራል፤ አብዛኛው ግን ዓይኑ ወደ ፊት ነውና ቁልቁል አይመለከትም። ከኮሌጃችን የታሪክና የምህንድስና ተማሪዎች ጥቂቶቹ ሜትርና ወረቀት ይዘው ወርደው ቅስቶቹን ቢለኩ፣ የኖራውንም አሠራር ከሽማግሌዎች ጠይቀው ቢጽፉ፣ ለሚቀጥለው እትም በቂ ጽሑፍ ይወጣዋል።