ዓድዋ የተዘመተው በማን ስንቅ ነው?

ወገኖቼ፣ ስለ ዓድዋ ስንጽፍ ሁላችንም ከጠመንጃው እንጀምራለን። ጠመንጃው ስንት ነበር፣ መድፉ ስንት ነበር፣ የትኛው ራስ በየት በኩል ገባ። እኔ ዛሬ ከስልቻው ልጀምር። ያ ሁሉ ሕዝብ ከሸዋ ተነስቶ ዓድዋ እስኪደርስ ምን በላ? ማን አዘጋጀው? ማንስ ተሸከመው? ራሽን ቆጥረን፣ ዱቄት ለክተን የምንኖር ሰዎች ስለሆንን ጥያቄው ከማንም በላይ ለኛ ይገባናል ብዬ ነው። (ዓመቶቹ በኛ አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮው ጊዜ ክተት ሲታወጅ ዘማቹ የሚመጣው ስንቅና ትጥቁን ይዞ ነው። የሚያበላው ክፍል፣ ዱቄት የሚያከፋፍለው መጋዘን የለም። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጦሩንና ጋሻውን፣ ጎራዴውን ይይዛል፤ ዝናሩን ይታጠቃል፣ ጋቢውን ይደርባል። ሌሊት እሱኑ ይለብሳል፣ ዝናብም ሲመጣ እሱኑ ነው። ድንኳን የመኳንንቱ ነው፤ ተራው ሰው ቅጠልና ቅርንጫፍ ቆርጦ ጎጆ ቢጤ ይቀልሳል።

ምግቡ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ጨው ገብቶበት ስልቻ ውስጥ ይታሰራል። ሲርብ እሳት አያስፈልገውም፤ ጥቂት ውኃ ከቅል አፍስሶ በእጅ ማሸት ብቻ ነው። ጭስ ስለሌለው ጠላት እንኳ አያይህም። ደህና ኑሮ ያለው በቅቤና በቅመም አሽቶ ጭኮ ያደርገዋል፣ ጭኮ ደግሞ ቶሎ አይበላሽም። ጊዜ ከተገኘ ሊጡን በጋለ ድንጋይ ዙሪያ ጠቅልለው እሳት ውስጥ ይጨምሩታል፤ ብርኩታ የምንለው ነው። ድርቆሹን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ድንበር ስንሻገር ከመካከላችን ስንቱ በላስቲክ ቋጥሮ ይዞ ነበር? እኔ የያዝኩት በሶ ነበር፤ አራት ቀን አቆይቶኛል።

ክፍሌ ውስጥ ተማሪዎቼን አንድ ስሌት አሠራኋቸው። ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ወደ 100,000 ገደማ ይገመታል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ዱቄት ብንል ለአንድ ቀን 500 ኩንታል ይሆናል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ብትሸከም፣ የአንድ ቀን ምግብ ብቻ 1,000 አህያ ይፈልጋል። የሸዋ ጦር ወረ ኢሉ ላይ የተሰበሰበው በጥቅምት 1888 ነው፤ ውጊያው የካቲት 23። ከአራት ወር በላይ! ያውም የሚያገለግሉትን፣ አብረው የተጓዙትን ሚስቶችና ልጆች፣ በቅሎውንና ፈረሱን ሳንቆጥር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «እንግዲያ አይሆንም ማለት ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ልክ ነው፣ ከቤት በተያዘ ስልቻ ብቻ አይሆንም።

ታዲያ ስልቻው ሲያልቅ? ሲያልቅ ያለው መንገድ ገበሬው ነው። ወታደር ባረፈበት አገር የገበሬው ጎተራ ይከፈታል፣ በግ ይታረዳል፣ የቤቱ እመቤት ለማታውቀው ሰው ስትጋግር ታመሻለች። አጼ ቴዎድሮስ መጀመሪያ ላይ ይህን ሊያስቀሩ ሞክረው ነበር፣ ለወታደሩ ደመወዝ አስበው። መጨረሻቸው ግን ጦራቸው በጌምድርን እየዘረፈ የሚበላበት ሆነ፣ ገበሬውም ከዳቸው። በ1860 መቅደላ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 44 ዝሆን፣ በሺዎች የሚቆጠር በቅሎ፣ እስከ ባቡር ሐዲድ ድረስ ይዞ መጣ፤ ለገብሱና ለሣሩም በማርያ ቴሬዛ ብር ከፈለ። መንገድ የተከፈተለት በጀግንነቱ ብቻ አይመስለኝም። አጼ ምኒልክም ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ከዓድዋ ጥቂት ዓመታት በፊት ወታደሩ ገበሬው ቤት ገብቶ ከሚበላ ብለው ለስንቅ የሚሆን አሥራት አስወጁ። በሥራ ላይ የዋለው ግን በየአገሩ እኩል አልነበረም።

አንድ ነገር አትርሱ። ይህ ዘመቻ የተደረገው ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ሲሆነው ነው። ከ1880 ጀምሮ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨርሶት ነበር። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ያ ሠራዊት የተሰነቀው ከዚያ ከተራቆተ ጎተራ ነው። ወራት ሙሉ የሰፈረው ደግሞ ትግራይ ውስጥ ነው፤ የትግራይ ገበሬ በክፉ ቀን የተረፈውን እህል መጀመሪያ ለጣልያን፣ ቀጥሎ ለወገን ጦር ገበረ። በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ ይህን የሚናገር ሰው አላየሁም።

ውጊያውን ራሱን ስናይ ስንቅ በሁለቱም ወገን ገብቶበታል። ጥር ላይ መቀሌ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠው እትጌ ጣይቱ የምንጩን ውኃ አስይዘውበት በጥም ነው። የጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቅ የሚመጣው ከምጽዋ በግመልና በበቅሎ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው። የካቲት ላይ ለጣልያን አድረው የነበሩት የዓጋመዎቹ ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከድተው ያንን መንገድ ይመቱት ጀመር። የካቲት 21 ማታ ባራቲዬሪ ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲመክር በእጁ የቀረው የጥቂት ቀን ምግብ ነበር። ወይ መመለስ ወይ መግጠም። ጄኔራሎቹ እንግጠም አሉ፣ ሮም ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒም በቴሌግራም ይነዘንዘው ነበር።

በኛ በኩልም ስልቻው ባዶ ሆኗል። ምኒልክ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ሰፈራቸውን ነቅለው መሄድ ግድ ይሆንባቸው ነበር የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። የካቲት 23 ሲነጋ ከወታደሩ ብዙው እህል ፍለጋ ወጥቶ ነበር። አስቡት፣ ሁለት የተራቡ ጦሮች አንዱ ሌላው ቀድሞ እንዲሄድ እየጠበቁ ተቀምጠው ነበር፤ መጀመሪያ ትዕግሥቱ ያለቀው የጣልያኑ ነው።

ከድሉ በኋላስ? ምኒልክ ለምን መረብን ተሻግረው አልቀጠሉም የሚለው ክርክር እዚህ ካምፕ ውስጥም ሻይ ቤት ያሟሙቃል፤ ኤርትራውያን ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ዓይናቸው ይቀላል። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የስንቅ ማለቅ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፣ የጣልያን ተጨማሪ ጦር መምጣቱም አለ። ግን ጎረቤትህ ሌላ መታወቂያ እንዲይዝ ካደረገው ነገር ውስጥ ባዶ ስልቻም ድርሻ እንዳለው እወቁ።

አሁን ወደ ተሸካሚዎቹ። መኳንንቱ ጋሻ ጃግሬ አላቸው፣ ጋሻና ጠመንጃ የሚይዝ። የተራው ወታደር ጓዝ ግን በአህያ ነው፤ አህያ ከሌለው በሚስቱ ጀርባ ነው። ቀን ተሸክማ ትሄዳለች፤ ማታ እሱ ሲያርፍ እሷ እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ፈጭታ ትጋግራለች። በውጊያው ዕለት ውኃ ይዘው እተኩሱ መሐል የገቡት ሴቶች ናቸው። የእትጌን ስም እናውቃለን፣ ይገባቸዋልም። የሌሎቹን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በአምስቱ ዓመት የጣልያን ወረራም ያው ነው። በዱር ያለውን አርበኛ ያቆመው የውስጥ አርበኛ የሚልከው ዱቄት፣ ጥይትና መድኃኒት ነበር። ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራዋ ተይዛ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ታስራለች። በ1969 ደርግ የእናት አገር ጥሪ ብሎ ሚሊሻውን ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲያሠለጥን እናቴ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። በቀበሌ ተሰብስበው በሶ ሲፈጩ፣ ዳቦ ቆሎ ሲቆርጡ እጇ መላጡን እስከ ዛሬ ታወራለች። ለማን እንደሄደ፣ የበላው ይመለስ አይመለስ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ የሆነውን እኔም እናንተም በዓይናችን ስላየን አልዘረዝርም። በየትኛውም ወገን የነበራችሁ ግን ያ ዱቄት በማን እጅ እንደተፈጨ ታውቃላችሁ።

ተማሪዎቼ አንድ ደብተር ጀምረዋል። ለዘማች ስንቅ ያዘጋጀች ወይም ተሸክማ የሄደች ሴት ስም ይጻፍበታል፤ አያት ትሁን ቅድመ አያት፣ የየትኛውም ብሔር፣ የየትኛውም ወገን ዘማች ይሁን። እስካሁን 14 ስም አለ፣ ስድስቱ ከአንድ ብሎክ ናቸው። አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ ስልክ ስትደውሉ ሽማግሌዎቹን ጠይቁልን። ስሟን፣ አገሯን፣ የትኛው ዘመቻ እንደሆነና ምን እንዳዘጋጀች ጻፉልኝ። ስሟ ከጠፋባችሁ «የእገሌ እናት» ብላችሁም ላኩ፣ እንመዘግባታለን።