የወሬ ባለቤት፤ ስለ ዜና መተላለፊያ ልማድና ስለ ሕዝብ መጠሪያ ቃላት

የአማርኛ ሰዋስው መምህራን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ድርጊቱን የሚፈጽመውን ስም «ባለቤት» ብለው ይጠሩታል። ይኸው ቃል በዕለት ንግግር ቤት ያለውን፣ ንብረት የያዘውን፣ ለአንድ ነገር ኀላፊ የሆነውን ሰው ያመለክታል። ሁለቱ ትርጉሞች በአጋጣሚ የተገናኙ ቢመስሉም፣ ወሬ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍበትን ልማድ ለሚመረምር ሰው መንገድ ይጠቁማሉ። የተነገረ ነገር ተናጋሪ አለው፤ ተናጋሪውም ስለ ተናገረው ይጠየቅበታል። በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሕዝቦች ይህን ግዴታ እንደየቋንቋቸውና እንደየሥርዐታቸው ሲጠብቁ ኖረዋል። በቅርብ ዓመታት ከእጅ ስልክና ከማኅበራዊ መገናኛ ጋር የገባው ልማድ ግን ግዴታውን አላልቶታል፤ ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ቃላት ከሥራ ወይም ከድርጅት መጠሪያነት ወጥተው የመላ ሕዝብ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የዚህን ለውጥ መንገድ ማመልከት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአፋሮችን ዳጉ እንመልከት። አፋሮች በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ የሚኖሩ ሲሆኑ ብዙዎቹ ግመል፣ ከብትና ፍየል አርቢዎች ናቸው። በአገራቸው ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው ብቻ አይተላለፉም፤ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናም የት እንደ ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት እንደ ሆነ፣ ውሃ ከወዴት እንደሚገኝ፣ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ሞተ፣ እንግዳ ሰው ወይም የጠፋ ከብት ታይቶ እንደ ሆነ፣ አገሩ ሰላም እንደ ሆነ ወይም ጠብ እንደ ተነሣ፣ ይህ ሁሉ በየተራ ይነገራል። ወሬው በዚህ ዐይነት ከአንዱ መንገደኛ ወደ ሌላው እየተሻገረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰፊውን በረሓ ያዳርሰዋል።

ዳጉን ከማኅበራዊ መገናኛ ጋር አመሳስለው የሚጽፉ ሰዎች አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ምስስሉ በፍጥነቱ ብቻ ነው፤ በዋናው ነገር ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው። በዳጉ ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን በጆሮው ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደ ሰማ ይገልጻል። አድማጩም ዝም ብሎ ተቀባይ አይደለም፤ እየጠየቀ ያጣራል፤ በኋላም እርሱ በተራው ሲናገር የሰጠውን ሰው መጥራት አለበትና። ዳጉን የደበቀ ወይም ያዛባ ሰው በወገኖቹ ዘንድ ይዋረዳል፤ ቅጣትም ያገኘዋል። ይህ ጥብቅነት ከኑሮው የመጣ ነው፤ በዚያ ምድር የሐሰት ወሬ ሰውንና መንጋን ወደ ደረቀ ስፍራ ሊመራ ይችላል። ልጆችም ሥርዐቱን የሚማሩት ከታላላቆቻቸው ጎን ተቀምጠው በማዳመጥ ነው። ዛሬ ዳጉ በእጅ ስልክም ይነገራል፤ ነገር ግን የሚነጋገሩት ሰዎች የሚተዋወቁ እስከ ሆኑ ድረስ መሣሪያው ሥርዐቱን አላፈረሰውም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በመሣሪያው ላይ ማሳበብ ከእውነት ያርቃል።

አማርኛ እንደ ዳጉ ያለ ስም የተሰጠው ሥርዐት ባይኖረውም፣ ግዴታውን በራሱ በቋንቋው አሠራር ውስጥ አኑሮታል። አማርኛ ተናጋሪ የሌላውን ሰው ቃል ሲያደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን በራሱ በባለቤቱ አፍ ያናግረዋል፤ «እመጣለሁ አለ» ይላል እንጂ «እንደሚመጣ ተናገረ» ማለት የጽሕፈት ጠባይ ይበዛበታል። ያላየውን ሲያወራ ደግሞ በመጨረሻው «አሉ» ብሎ ይጨምራል፤ «ወንዙ ሞልቷል አሉ»፤ «ይባላል»፤ «ሲወራ ሰማሁ»። ይህች «አሉ» የምትባል ትንሽ ቃል ተናጋሪው የወሬው ባለቤት አለመሆኑን፣ ሰሚውም እስኪያጣራ ድረስ መጠንቀቅ እንዳለበት ታስታውቃለች። በጽሑፍ በሚተላለፈው አጭር ዜና ውስጥ ግን ፈጥና የምትወድቀው እርሷ ናት። «ከተማው ተያዘ አሉ» የሚለው «ከተማው ተያዘ» ይሆናል፤ ቀጥሎም «ሰበር ዜና» የሚል ርእስ ይደረብበታል። አንድ ቃል ብቻ በመጉደሉ የሰማ ሰው ያየ ሰው መስሎ ይቀርባል።

የመንግሥት ቃልም ቢሆን በጥንት ጊዜ ባለቤቱ የታወቀ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ፣ ሕዝብ በገበያ ተሰብስቦ፣ አዋጅ ነጋሪው በንጉሡ ስም ይናገር ነበር። የሰማውም በየመንደሩ ለቀረው ያደርሳል። ይህ ልማድ ስሙን ለሕትመት አውርሶ፣ በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። ጋዜጣና ራዲዮ ሲመጡ ግን አዲስ ጥያቄ አብሮ መጣ፤ ይኸውም በየትኛው ቋንቋ የሚለው ነው። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. የተጀመሩት በአማርኛ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ የመንግሥቱ ኦፊሴል ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ደነገገ። ስለዚህ በሕዝብ ፊት የሚነበበው ቃል በአብዛኛው የአንድ ቋንቋ ነበር፤ ሌላው ቋንቋ በቤት፣ በገበያና በሸንጎ ቀረ። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ሼክ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮሞ ቋንቋ የፈጠሩት ፊደል ሊዘነጋ አይገባውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ሁሉንም በግዕዝ ፊደል ጻፈ። በ1984 ዓ.ም. አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል እውቅና ሰጠ። ይህ ፍትሕ ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ባደገው ትውልድ ዘንድ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ጽሑፍ፣ ፊደሉን እንኳ፣ የማያነቡ ሆነዋል።

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር የሚጻፍባቸው መንገዶች ቢኖሩም እርስ በርስ አይግባቡም ነበር፤ ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዐት ፊደላችንን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በእጅ ስልክ ደግሞ ከዚያም ዘገየ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመዱ፤ ልማዱም ከነምክንያቱ አልጠፋም፤ ምክንያቱ ከተወገደ በኋላም ቀጥሏል። በዚህ አጻጻፍ ጠና ያሉት ድምፆች ከላሉት አይለዩም፤ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። ወንድሙ መጣ ወይስ ወንድሙን መታ የሚለውን ነገር ከአገባቡ መገመት የአንባቢ ፈንታ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለጊዜው ያስቅ ይሆናል፤ ሰዎች በሚጣሉበት ወራት ግን አያስቅም።

አሁን ወደ መጠሪያ ቃላቱ እንመለስ። እነዚህን ቃላት የምናነሣው ለማጽደቅ አይደለም፤ ታሪካቸው ሳይታወቅ ጉዳታቸውን መረዳት አይቻልምና ነው።

«ነፍጠኛ» የሚለው ቃል «ነፍጥ» ከሚለው የወጣ ነው፤ ይህም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በአማርኛ ጠመንጃን ያመለክታል። ነፍጠኛ ማለት ጠመንጃ ያዥ ወታደር ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደቡቡ አገር በጦር ሲያዝ በየስፍራው የሰፈረው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር እየተመራ ይኖር ስለ ነበረ፣ ቃሉ የሥራ ስም መሆኑ ሳይቀር የአንድ ሥርዐት ስም ሆነ። በዚያ ሠራዊት ውስጥ አማሮች ብቻ አልነበሩም፤ ከታላላቆቹ የጦር መሪዎች አንዱ ራስ ጎበና ዳጬ ኦሮሞ ናቸው። የገባርነትንና የርስቱን ነገር የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከሥሩ ነቀለው። ሥርዐቱ ካለፈ በኋላ ግን ቃሉ ቀረ፤ መሬት ያልነበረው፣ ጠመንጃ ያልያዘ፣ ምናልባትም አያቱ ራሱ ገባር የነበረ የአማራ ገበሬ ጭምር ነፍጠኛ ይባል ጀመር።

«ጁንታ» ከስፔንኛ የመጣ፣ የሥልጣን ጉባኤን የሚገልጽ ቃል ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የመንግሥት ባለ ሥልጣኖችና መገናኛዎች የሕዝባዊ ወያኔ ሓርነት ትግራይን መሪዎች በዚህ ቃል ጠሯቸው። ቃሉ የጥቂት ሰዎች መጠሪያ ሆኖ ተጀመረ፤ በማኅበራዊ መገናኛ ሲዘዋወር ግን ወሰኑ ጠፋና ትግርኛ የሚናገረው ባለ ሱቅ፣ አስተማሪና የቤት ሠራተኛ ሁሉ በዚያው ስም ተጠረጠረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ መስሎ እንደሚታይ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያን ጊዜ አስታውቋል።

ሦስተኛው «ሸኔ» ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሸን» አምስት ማለት ነው፤ መጠሪያውም ከአምስት ሰዎች ኮሚቴ የመጣ ነው ይባላል። ታጣቂው ክፍል ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ ይጠራል እንጂ ይህን ስም አይቀበለውም። ፓርላማው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚህ ስም አሸባሪ ብሎ ሰየመው፤ ከዚያ ወዲህ በአንዳንድ ሰዎች ጽሑፍ ኦሮሞን ሁሉ ለማጠልሸት ሲነገር ይታያል።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዱ ቃል መጀመሪያ ጠባብ ነበር፤ ማን ማንን እንደ ጠራበትም ይታወቅ ነበር። ከባለቤቱ ተለይቶ በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል ሲዘዋወር እየሰፋ ሄደ። ተናጋሪው ሲጠየቅ «እኔ ድርጅቱን ማለቴ ነው» ሊል ይችላል፤ አንባቢው ግን ሕዝቡን ይረዳል። ሰምና ወርቅ በቅኔ ቤት የተከበረ ጥበብ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ለመሸሸጊያ ዋለ። ሌላም ነገር አለ። በእንዲህ ያለ ስም የተጠራው ሰው ከዚያ በፊት ራሱን በቀበሌው፣ በሙያው ወይም በሃይማኖቱ ይገልጽ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ በኋላ በተሰደበበት ማንነት ይቆማል። በዚህ ዐይነት ስድቡ ራሱ ሕዝቡን ያሰባስበዋል፤ ማንነትንም ያጠነክራል። ይህን ሥራ ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖችም አግዘዋል፤ በዋሽንግተን ወይም በሚኒያፖሊስ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የቃሉን ውጤት በጎረቤቱ ቤት አያየውም።

በበጎው ወገን የሚነገረውም ነገር ትንሽ አይደለም። ጋዜጣ ኖሯቸው የማያውቁ ቋንቋዎች ዛሬ በየስልኩ ይጻፋሉ፤ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ተረትና ዘፈን በድምፅ ተቀርጾ ይተላለፋል። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ቀድሞ ያልነበረ ሀብት ነው።

መንግሥት በበኩሉ ሁለት መንገድ ሞክሯል። አንደኛው መዝጋት ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የእጅ ስልክ የጽሑፍ መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ፤ በኦሮሚያ በዚያ ሰሞን 123 ሰዎች መገደላቸውን ከላይ የጠቀስነው ኮሚሽን ዘግቧል። መዝጋት የሐሰቱን ወሬ ሲያስቆም የሚያስተባብለውንም አብሮ ያስቆማል፤ ሰውም በጨለማ ወደ «አሉ» ይመለሳል፤ ያውም አጣሪ ወደሌለው «አሉ»። ሁለተኛው መንገድ ሕግ ነው። በ2012 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታዮች ባሉት ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ቅጣቱ እንዲከብድ ያደርጋል። አሳቡ የተናጋሪውን ኀላፊነት በሰሚው ብዛት መመዘን ነው፤ አሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ስሙን ሰውሮ የሚጽፈውን ሰው ሕጉ በቀላሉ አያገኘውም።

ከሁለቱም በላይ የቆመው ገጹን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የፌስቡክ ሠራተኛ የነበሩት ፍራንሲስ ሃውገን በእንግሊዝ ፓርላማ ፊት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ኩባንያው የጥፋት መከላከያ ሥራውን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲያከናውን ከስድስቱ ዋና ዋና ቋንቋዎች የሚደርሰው ለሁለቱ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል። ኩባንያው በበኩሉ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚመረምሩ ሰዎች እንዳሉት ገልጿል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት የተገደሉ የአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ልጅና ሌሎች ከሳሾች ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ፤ ከመገደላቸው በፊት ስለ መምህሩ በፌስቡክ የጥላቻ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር፣ ኩባንያውም ተነግሮት በጊዜው አላነሣውም ሲሉ ከሰሱ። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነገሩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ስለዚህ በአማርኛ ተጽፎ በኢትዮጵያ የተነበበው ቃል ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ክርክሩ የተከፈተው በሌላ አገር ችሎት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው።